የጉባኤ እንግዳን ከባሕር ዳር ማስጎብኘት፦ ጣና፣ ዘጌና ጢስ ዓባይ በተቆጠረ ሰዓት

ባሕር ዳር ላይ ጉባኤ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ አዳራሹን፣ ማደሪያውንና የሻይ ዕረፍቱን ከጨረሰ በኋላ ፕሮግራሙ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል፦ «የጉብኝት ጊዜ»። ይህ መስመር አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት ረጋ ብሎ ይውላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሳበትና ውሃው መናጥ ይጀምራል። ዋና የማይችል፣ ሐይቅ አይቶ የማያውቅ እንግዳ በ9 ሰዓት ጀልባ ላይ ከወጣ የሚያስታውሰው ገዳሙን ሳይሆን ፍርሃቱን ነው። የመጨረሻው ቀን ደግሞ የእንግዳው ልብ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ግማሹ ሻንጣ ሊያስር ይቀራል፣ የመጣውም ሰዓቱን እያየ ይዞራል።

ስለዚህ ጉብኝቱ ከጉባኤው ፕሮግራም ጋር አብሮ ይውጣ፤ የተረፈ ሰዓት አይሰጠው። ለሦስት ቀን ጉባኤ የሁለተኛውን ቀን ጠዋት ለሐይቁ ስጡት፤ ውይይቱ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ይቀጥላል። ጽሑፍ አቅራቢዎችም አይጎዱም፤ አብረው በጀልባ የሄዱ ሰዎች ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሲገናኙ በስም ይጠራራሉ፣ ጥያቄውም ይሞቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የጸጥታውን ሁኔታ አጣሩ። የክልሉ መንገዶች ሁኔታ በየሳምንቱ ሊለዋወጥ ስለሚችል ከወር በፊት «ይቻላል» ተብሎ የተያዘ ጉዞ በዚያው ይጸናል ብላችሁ አትተኙ። ከከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤትና ከጸጥታው ክፍል ጋር ከሳምንት በፊት፣ በዋዜማውና በዕለቱ ጠዋት ተነጋገሩ። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ከከተማ የሚያስወጣው መንገድ ወይም ሐይቁ ካልተፈቀደ እዚያው ከተማ ውስጥ የሚደረግ ተለዋጭ ጉብኝት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፤ ጠዋት ላይ ተሰብስቦ ምን እናድርግ ማለት እንግዳውን ያሳስባል።

አንድ ቦታ፣ በደንብ

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ቦታ ማብዛት ነው። ጠዋት ዘጌ (ገዳማቱ ያሉበት የጣና ባሕረ ገብ መሬት)፣ ከምሳ በኋላ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ማታ የቤዛዊት ኮረብታ ተብሎ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ያምራል። በተግባር ግን አርባ ሰው ከጀልባ ለማውረድ ብቻ ሩብ ሰዓት ይሄዳል፤ መጸዳጃ፣ ፎቶ፣ ዋጋ መከራከር፣ ጫማ ማሰር አለ። ሁሉም ቦታ በሩጫ ይታይና አንዱም በልብ አይቀርም። በግማሽ ቀን አንድ ቦታ ብቻ ያዙ፤ ቃል በገባችሁበት ሰዓት መልሳችሁ አድርሱ።

ምርጫው ላይ ሴቶችን አትርሱ። ከባሕር ዳር ብዙም የማይርቀው ክብራን ገብርኤልና የነገሥታት አጽም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። ሥርዓቱ የገዳሙ ነውና ይከበራል፤ ነገር ግን ከተሳታፊው ግማሹ ወደብ ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት ጉዞ የጉባኤ ጉብኝት ሊባል አይችልም። ዳጋን ወይም ክብራንን ማየት የሚፈልግ በግሉ ይሂድ። በደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ወንድም ሴትም ይገባባታል፤ ሥዕሏም ድንቅ ነው፤ ግን ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ ስለሚወስድ ጉባኤው ካለቀ በኋላ ለሚቆዩት ትሁን።

ለድብልቅ ቡድን፣ ለግማሽ ቀን፣ የሚበልጠው ዘጌ ነው፤ በተለይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና ለውሃው ዳር የምትቀርበው አዝዋ ማርያም።

የዘጌ ጠዋት፣ ሰዓት በሰዓት

መጀመሪያ ስለ ሰዓት አጻጻፍ። ከውጭ የመጣ እንግዳ «መነሻ 1፡30» የሚል ካየ ከምሳ በኋላ ይመጣል። ጥፋቱም የእሱ አይደለም። በፕሮግራሙ፣ በማስታወቂያውና በቴሌግራም ቡድኑ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር አብራችሁ ጻፉ፦ «ከጠዋቱ 1፡30፣ በውጭ አቆጣጠር 7፡30»። ቀኑንም እንዲሁ፤ የኢትዮጵያውን ቀን ከፈረንጁ ጋር አያይዙ። የሳምንቱን ቀን ስም ጨምራችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ ማንም አይሳሳትም።

ቁርስ 12፡30 ላይ ይሁን። ብዙ ሆቴል ቁርስ የሚያወጣው ከ1 ሰዓት ወዲህ ስለሆነ ቀደም ያለ ቁርስ ዋዜማውን ማታ መታዘዝ አለበት፤ ያልታዘዘ ከሆነ ጉዞው ከመጀመሪያው 40 ደቂቃ ይዘገያል። መጸዳጃ እዚያው ሆቴል። 1፡15 ላይ ጀልባ መነሻው ጋ የስም ጥሪ፣ 1፡30 ላይ መነሳት። እንደ ሞተሩ ጉልበት ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጃል፤ 2፡30 ላይ ዘጌ ዳርቻ ትወርዳላችሁ። ከዚያ በቡና ጫካው ውስጥ ሽቅብ የእግር መንገድ አለ፤ ለጎረምሳ 15 ደቂቃ፣ ለአዛውንት ፕሮፌሰር 25 ደቂቃ አስቡለት። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች እንግዳውን ያስቆማሉ። ስትወጡ «ስንመለስ 20 ደቂቃ ለግዢ አለ» ብላችሁ ንገሩ፤ ቃል ከተሰጠ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም፣ ሻጩም አይከፋም።

3 ሰዓት ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ ትሆናላችሁ። ለቤተ ክርስቲያኑ 50 ደቂቃ፣ ለዕቃ ቤቱ 20 ደቂቃ ይበቃል። 4፡10 ላይ ቡና። ዘጌ መጥቶ የዘጌን ቡና ሳይጠጣ የሚመለስ እንግዳ ሊኖር አይገባም፤ ሆኖም ለ40 ሰው ቡና ለማፍላት ጊዜ ያስፈልጋልና ከቀኑ በፊት ከአካባቢው ሴቶች ጋር ተነጋገሩ፤ ሁለት ወይም ሦስት ጀበና በአንድ ጊዜ ይጣድ፣ ቆሎና ዳቦ ይኑር። ሥነ ሥርዓቱን ማየት የሚሻ እንዲያይ ቆላውና ወቀጣው የሚጀመረው እንግዳው ሲቀመጥ ይሁን፤ ግን የመጀመሪያው ጀበና ቀድሞ የተጣደ ይሁን። አለበለዚያ አቦል ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል። 5 ሰዓት ላይ ወደ ታች፣ 20 ደቂቃ ግዢ፣ 5፡30 ላይ መነሳት፣ 6፡30 ላይ ባሕር ዳር፣ ምሳ። በ8 ሰዓት ስብሰባው ሲጀመር አሁንም ትንሽ ትርፍ ጊዜ አለ። ይህቺን ትርፍ ለሌላ ቦታ አታውሏት፤ ለእክል የተቀመጠች ናት።

አንድ ነገር ቀድሞ መጣራት አለበት፦ ቅዳሴ። በጾም ወራት ቅዳሴ ከቀትር ወዲያ ስለሚሆን ጠዋት መግባት ይቻላል፤ በእሑድና በበዓል ግን ጠዋት ላይ ነው። በየወሩ በ16 ኪዳነ ምሕረት ናት፣ የካቲት 16 ደግሞ ዓመታዊ ንግሥ ነው፤ በዚያ ቀን ግቢው በምእመናን ይሞላል፣ ለጎብኚ ቡድን የሚሆን ቦታም ጊዜም የለም። ዋዜማውን ለገዳሙ ሰው ደውሎ «ነገ ቅዳሴ በስንት ሰዓት ይወጣል?» ብሎ መጠየቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጀልባው

ከጀልባ ማኅበር ጋር ስትዋዋሉ በቃል አትጨርሱ። በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ የጀልባ ብዛት፣ እያንዳንዱ የሚይዘው ሰው፣ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ የመጠበቂያ ጊዜው በዋጋው ውስጥ መግባቱ፣ የሚወረድበት ቦታ። ዘጌ ከአንድ በላይ መውረጃ አለውና «ዘጌ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። አንዱ ጀልባ ኡራ፣ ሌላው አፋፍ በሚባለው መውረጃ ላይ ቢያወርድ ቡድኑን ለመሰብሰብ ሙሉ ጠዋት ይሄዳል።

ላይፍ ጃኬት በዋዜማው በዓይን ይታይ። ቁጥሩን ብቻ አትጠይቁ፤ መቆለፊያውን ክፈቱና ዝጉ፣ ማሰሪያው የተበጠሰውን ለዩ፣ ለወፍራም ሰው የሚሆን ትልቅ ልክ መኖሩን እዩ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጉድለት የጃኬቱ አለመኖር ሳይሆን አለመቆለፉ ነው። ጃኬቱ ወንበር ሥር ተከምሮ የሚጓዝበት ልማድ አለ፤ እናንተ ግን ከመነሳት በፊት ሁሉም ለብሶ፣ ተቆልፎ፣ በዓይን ታይቶ ሞተር ይነሳ። የኮሚቴው ሰው ራሱ ቀድሞ ከለበሰ ማንም አያንገራግርም።

ቡድኑን በ15 በ15 ክፈሉት። ይህ ቁጥር ከጀልባው የመነጨ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። ክቡ ሕንጻ ውስጥ በመቅደሱ ግድግዳና በውጪው ግድግዳ መካከል ያለው መዞሪያ ጠባብ ስለሆነ ከ15 በላይ ሰው ከቆመ የኋለኛው ሥዕሉን አያይም፣ የአስጎብኚውንም ድምፅ አይሰማም። አርባ አምስት ሰው ካላችሁ ሦስት አስጎብኚ ይኑር፤ አንዱ ቡድን ውስጥ ሲገባ ሁለተኛው ዕቃ ቤቱን ይይ፣ ሦስተኛው ቡናውን ይጀምር፣ ከዚያ ይዟዟሩ። ለየቡድኑ ከአስጎብኚው ሌላ አንድ ሰው ከኋላ ይሂድ፤ ሥራው ወደ ኋላ የቀረውን መያዝ ብቻ ነው። ቆጠራው ሦስት ጊዜ ነው፦ ስትሳፈሩ፣ ስትወርዱ፣ ለመመለስ ስትሳፈሩ። በስም ዝርዝር እንጂ በጭንቅላት ቆጠራ አትተማመኑ፤ አንድ ሰው ጀልባ ቀይሮ ሲገባ ቁጥሩ ሞልቶ ሰው ሊጎድል ይችላል። ኔትወርክ ሐይቁ ላይ ሊቆራረጥ ስለሚችል የየጀልባው ኃላፊ የሌሎቹን ስልክ በወረቀት ይያዝ፤ መገናኛ ቦታና ሰዓት አስቀድሞ ይቆረጥ።

ስለ ቁጥር ካነሳን፦ ጉብኝቱ ነጻ ከሆነ ስሙን የሚያስመዘግበው ይበዛል፣ ጠዋት የሚመጣው ያንሳል። ማታ ራት ግብዣ ካለ ደግሞ የባሰ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስም መዝግቡ፣ በዋዜማው 12 ሰዓት ላይ እንደገና አረጋግጡ፣ ያላረጋገጠውን ከዝርዝሩ አውጡ። ከማኅበሩ ጋር ስትዋዋሉ አንዷን ጀልባ «ማታ አረጋግጠን እንነግራችኋለን» ብላችሁ ያዟት።

እግሩን ወይም እጁን ውሃ ውስጥ የሚከት እንግዳ አይጠፋም። ጣና ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ ስላለ መዋኘትም መንከርም አይቻልም፤ ይህን ከመነሳት በፊት በግልጽ ንገሩ። ወባም ስላለ ማታ ውጭ ለሚቀመጥ የትንኝ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ

ልብስ፦ ትከሻና ጉልበት የተሸፈነ። ነጠላ ያልያዘች ሴት ሁልጊዜ ስለምትኖር ኮሚቴው አሥር ያህል ትርፍ ነጠላ ይዞ ይሂድ፤ ለቁምጣ ለባሽ ወንድም ያገለግላል። ጫማ ውጭ ስለሚወልቅ ክሩ የማይታሰር ጫማ ይሻላል፤ በነጭ ካልሲ መግባት ደግሞ ምንጣፉን ለሚፈራ ዕረፍት ነው። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ውስጥ እንደማትገባ ሥርዓቱ ያዛል፤ ይህን አስጎብኚው ወንድ ሆኖ በር ላይ ጮክ ብሎ ከሚናገር ዋዜማውን በሚታደለው መመሪያ ወረቀት ላይ በጨዋ ቃል ይጻፍ፣ ወይም ሴት የኮሚቴ አባል ለብቻ ትንገር። ውጭ የሚቀር ካለም ዕቃ ቤቱ፣ የቡና ጫካውና ግቢው ይጠብቁታል።

ፎቶ ያለ ፍላሽ። ቪዲዮ የተለየ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላልና አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብ።

አስጎብኚው ሁሉንም ሥዕል ላስረዳ ካለ 50 ደቂቃው በስም ዝርዝር ያልቃል። ሦስት ነገር ብቻ አሳይቶ በደንብ ቢናገር ይሻላል። አንደኛው አሠራሩ ነው፦ ሕንጻው ክብ መሆኑ፣ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ መከፈሉ፣ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ መለጠፉ። ሁለተኛው የዓይን ሕግ ነው፦ ጻድቅና ቅዱስ በሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይኑ ሲታይ፤ ክፉው ደግሞ በጎን፣ አንድ ዓይኑ ብቻ። ይህን አንዴ የሰማ እንግዳ ቀሪውን ግድግዳ ራሱ ማንበብ ይጀምራል። ደስታውም ፊቱ ላይ ይነበባል፤ «ያኛውስ? ወታደሩ?» እያለ እየጠቆመ ይሄዳል።

ሦስተኛው በላዔ ሰብእ ነው። በኪዳነ ምሕረት ቤት ይህን ታሪክ ሳይነግሩ መውጣት ነውር ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው በመንገድ ላይ አንድ በጥም የተቃጠለ ለምጻም ያገኛል። ለምጻሙ በእግዚአብሔር ስም ይለምነዋል፣ በጻድቃንና በሰማዕታት ስም ይለምነዋል፤ አይሆንም። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው እፍኝ የማትሞላ ውሃ ይሰጠዋል። አስጎብኚው እዚህ ላይ ቆም ይበልና እንግዳውን ወደ ሚዛኑ ያሳይ፦ በአንዱ በኩል ሰባ ስምንቱ ነፍስ፣ በሌላው በኩል ያቺ ጥርኝ ውሃ። ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ እንግዳው ራሱ ይይ። አማኝም ሆነ አልሆነ፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ ይህን ታሪክ ይዞ ይሄዳል።

ከወጣችሁ በኋላ ጣሪያው ጫፍ ላይ መስቀሉን የከበቡትን የሰጎን እንቁላሎችና የድንጋዩን ደወል አሳዩ። ጫካውንም አትዝለሉት፦ ዘጌ በአቡነ በትረ ማርያም ዘመን በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ የሚነገርለት ገዳም ያለበት ምድር ነው፤ በጻድቁ ቃል መሠረት አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም ይባላል። ቡናው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው። የደን ወይም የአካባቢ ተመራማሪ በቡድኑ ውስጥ ካለ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የግማሽ ሰዓት ጥያቄ ትወልዳለች።

የጉባኤ እንግዳ ቁጥር ይጠይቃል። ተራ ጎብኚ «ያምራል» ብሎ ያልፋል፤ ተመራማሪ ግን ጥልቀቱ ስንት ነው፣ ወንዞቹ እነማን ናቸው ይላል። አስጎብኚው እነዚህን ቢያንስ ይያዝ፦ ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዋና ገባሮቹ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ናቸው፤ የተፈጥሮ መውጫው ዓባይ ብቻ ነው። በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ፣ ከአንድ ወገን የሆኑ 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች አሉት። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል። እምቦጭን በተመለከተ ጥያቄ ሲነሳ አትሸሹ፤ አረሙ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ እንደሆነ ተናገሩ።

ጢስ ዓባይ፦ በእውነት ንገሯቸው

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስና እግር ጉዞው ተደምሮ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በነሐሴ፣ በመስከረምና በጥቅምት ሲሞላ ስፋቱ 400 ሜትር ይደርሳል፣ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። ነገር ግን ብዙው የምርምር ጉባኤ የሚውለው በግንቦት ነው። በግንቦት የሚሄድ እንግዳ በፖስት ካርድ ያየውን ጠብቆ ከገደሉ ጎን የሚወርድ ቀጭን ውሃ ሲያገኝ ይከፋዋል፤ የከፋውም በውሃው ማነስ ሳይሆን ስላልተነገረው ነው።

ምክንያቱንም አስረዱ፤ መሐንዲሶች ካሉ ይህ ራሱ ጉብኝት ነው። ከፏፏቴው በላይ ውሃው በቦይ ተጠልፎ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ ወደጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫና በ2001 እ.ኤ.አ. ወደተጨመረው ሁለተኛው ይሄዳል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከሐይቁ በዋሻ ውሃ እየወሰደ ወደ በለስ ወንዝ ይለቃል፤ ከሐይቁ መውጫ ላይ ያለው በር የሚለቀው ውሃም እንደ ወቅቱ ነው። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ጢስ ዓባይ ከተማ ደውላችሁ በዚያ ሳምንት ምን ያህል ውሃ እንዳለ ጠይቁ። ውሃው ካነሰ ጉዞውን «የአላታ ድልድይና የዓባይ ሸለቆ የእግር ጉዞ» ብላችሁ አስተዋውቁ፤ ፏፏቴው ምርቃት ይሁን። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 እ.ኤ.አ. በድንጋይና በኖራ የተሠራው ድልድይ ዛሬም ሰውና አህያ ያሻግራል፤ ከሱ ላይ ቆሞ ወንዙ በጠባቡ ዓለት ውስጥ ሲያልፍ ማየት ብቻውን ጉዞውን ይክሳል።

መንገዱ ሽቅብ አለው፣ በክረምት ያዳልጣል። ሶሉ ያረጀ ወይም የቢሮ ጫማ ለብሶ የመጣ ሰው እንዳይጎዳ ጫማው ከአውቶቡስ ከመሳፈር በፊት ይታይ። የሚደገፉበት ዱላ የሚያከራዩ ልጆች አሉ፤ ዝርዝር ብር ያዙ። ጉልበት የሚያመው ወይም በዕድሜ የገፋ እንግዳ ካለ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ በአጭሩ የሚደርስበት መንገድ አለ፤ ወንዙ ሲሞላ ግን ጀልባው ስለማይሠራ ይህንንም በስልክ አጣሩ። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ውሃ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት። ባዶ ጠርሙሱ ተመልሶ ይምጣ።

ሁለት ሰዓት ብቻ ካለ

ከስብሰባ ወጥቶ ከራት በፊት የሚሆን ጊዜ ካለ ቤዛዊት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ላይ ከ11፡15 እስከ ጀምበር መጥለቂያ ድረስ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ፣ ከተማዋም በዛፎቿ ውስጥ ስትታይ የሚያህል የለም። ቤተ መንግሥቱን ፎቶ ከማንሳት በፊት ጠባቂውን ጠይቁ። መኪና እስከ ላይ ስለሚወጣ መራመድ ለማይችል እንግዳም ይሆናል። ስትመለሱ በግንቦት 2016 ዓ.ም በተመረቀው፣ 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በኩል እለፉ።

ጠዋት ላይ ሁለት ሰዓት ካለ ደግሞ ደብረ ማርያም ቅርብ ናት፤ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ አጠገብ ስለሆነች በማለዳ ጉማሬ የማየት ዕድል አለ፤ ጉማሬ ሲታይ ባለ ጀልባው ርቀቱን ይጠብቅ፣ «ጠጋ በል» የሚል እንግዳም አይሰማ። በደንገል የተሠራ ታንኳ ላይ ዓሣ አስጋሪው ሲቀዝፍም ያያሉ። እንግዳን ታንኳ ላይ አታስወጡ። ደንገሉ ውሃ የሚጠጣ፣ ሚዛኑም ለለመደው ብቻ የሚሆን ነው።

ምሳ

ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም ከሆነ፣ ከአገር ውስጥ ተሳታፊዎች ብዙዎቹ ይጾማሉ። ሙስሊም እንግዳ የማን እርድ እንደሆነ ሳያውቅ ሥጋ አይበላም። ከውጭ ከመጣውም ሥጋ የማይበላ አይጠፋም። ሁሉንም አንድ ገበታ ላይ የሚያስቀምጠው የጾም በያይነቱ ነው፤ ጎን ለጎን ለሚበላው የጣና ዓሣ፣ ቆሮሶ ወይም አምባዛ፣ ጥብሱም ጉላሹም ይቅረብ። ዓሣ ለ40 ሰው በአንዴ አይደርስም። ከመመለሻ ጀልባው ላይ ሆናችሁ ከመድረሳችሁ 40 ደቂቃ በፊት ደውላችሁ «ጣዱ» በሉ። በርበሬውን ለብቻ ያስቀምጡ፤ ሚጥሚጣን ጨው መስሎት የሚነሰንስ እንግዳ አለ።

ለሚቆዩት

ጉባኤው ካለቀ በኋላ ቀን ላላቸው ጎጃም ብዙ አለው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ። ሰከላ ላይ ግልገል ዓባይ የሚፈልቅበት ግሽ ዓባይ ጠበል ነው፤ ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ያዩት ምንጭ ይኸው ነው። ጠበል መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በባዶ ሆድ የሚገባ ምእመን መካከል ካሜራ ይዞ መግፋት ተገቢ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሚመለስ ካለ እንጅባራ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቁም፤ መንገድ ዳር ነው። ምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ለታሪክና ለቅኔ ሰው የሚሆኑ ናቸው፤ እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቀን ይሻሉ።

ሒሳብ

የመግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ እያንዳንዱ ገዳም የራሱን ያስከፍላል። ዝርዝራችሁን ከመጀመሪያው በሁለት ዓምድ አዘጋጁና ድምሩን በዋዜማው በጥሬ ብር ያዙ፤ ቴሌብር ኔትወርክ ሲጠፋ አያድንም። ባለ 200 ብር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የ10፣ የ50ና የ100 ኖት ካልያዛችሁ መልስ ለማግኘት 15 ሰው በር ላይ ይቆማል። በር ላይ አንድ ሰው ለመላው ቡድን ይክፈል እንጂ እንግዳው በየኪሱ አይፈልግ። ደረሰኙ እዚያው ይቆረጥ፤ ቀንና የሰው ቁጥር የተጻፈበት መሆኑ ሳይታይ አትውጡ፤ ፋይናንስ ክፍሉ ያለ ደረሰኝ አያወራርድም፣ ከሳምንት በኋላ ለአንድ ወረቀት ወደ ዘጌ መመለስም አይቻልም። የጀልባውን ቀሪ ክፍያ ስትመለሱ፣ የመጨረሻው ሰው ከወረደ፣ ላይፍ ጃኬቱ ተቆጥሮ ለማኅበሩ ከተመለሰና ወንበር ሥር የተረሳ ስልክና መነጽር ከታየ በኋላ ክፈሉ።